ባሕሩስ የታል?

መርከብ ላይ ወጥቶ ባሕር ማየት ቀላል የሚመስለው ተሳፍሮ ለማያውቅ ሰው ነው። ከፍሎሪዳ ተነሥታ አትላንቲክን አቋርጣ ባርሴሎና የምትገባ መርከብ የተሳፈርን ዕለት፣ ከረፋድ እስከ አመሻሽ ያላየሁት ነገር ቢኖር ባሕር ብቻ ነው። ወረፋ እንደ ጉድ አይቻለሁ። አምስት ዓይነት ድንች አይቻለሁ። የአንገት ሐብል የሚሸጥበት ሱቅ፣ ቁማር ቤት፣ ሰው ከፍሎ ፊቱን በጭቃ የሚለቀለቅበት ክፍል፣ ሦስት ፎቅ ሙሉ ቁልቁል የተንጠለጠለ መብራት አይቻለሁ። ውሃ ያየሁት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው፤ እሱም ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል።

«ባሕሩስ የታል?» ብለው የጠየቁት ግን እኔ ሳልሆን ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ ጡረተኛ ይሁኑ እንጂ፣ በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ ነጭ በነጭ የለበሱ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። «ኢትዮጵያ» በምትባለዋ የሥልጠና መርከብ ላይ ሠርተዋል። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የተገኘች፣ ቀድሞ «ኦርካ» ትባል የነበረች፣ ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ የሆነች ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጋሼ ግን «ሸጧት» አይሉም። «ቀበሯት» ነው የሚሉት።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣችው ባለቤቴ ናት፤ ምክንያቷም ዋጋው። ክረምቱን ካሪቢያን ላይ ሰው ሲያዝናኑ የከረሙ መርከቦች፣ ሚያዝያ ሲገባ ለሜዲትራኒያን በጋ ወደ አውሮፓ ይሻገራሉ። ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም መሻገራቸው አይቀርም። ባዶአቸውን ከሚሄዱ ተብሎ ታዲያ ዋጋው ይጣላል። አልጋው፣ ምግቡ፣ ዘፈኑ ተደምሮ ለቀን ሲካፈል፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደህና ሆቴል ከማደር ይረክሳል። ባለቤቴ ደግሞ «ይረክሳል» የሚል ነገር ከሰማች የሚያቆማት የለም። ጉዳቱ፣ መርከቧ አትመልስም፤ ባርሴሎና ላይ ታራግፋችሁና የመመለሻ አውሮፕላን የራሳችሁ ጣጣ ይሆናል። ሌላው ጉዳት፣ ከ7 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው በዚህ መንገድ ለቀናት መሬት የሚባል ነገር አይታይም። ይህንን ሁለተኛውን ሲሰሙ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ይኼ ነው ጉዳቱ?» አሉ።

የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። ሁዳዴ አላለቀም፤ ውሃም አይታመንም። የጎርጎራ ልጅ ናቸውና ጣና ማዕበል ሲያነሣ ታንኳ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል። በስንት ልመና እሺ ሲሉም በባዶ እጃቸው እሺ አላሉም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና፣ ጀበና ከነማቶቱ፣ ስድስት ሲኒ፣ ዕጣን፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ በነጠላ ተጠቅልላ ሻንጣ ገባች። ባለቤቴ ኩባንያው የላከውን የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር አንድ በአንድ አነበበችላቸው፤ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የሚግል ነገር ያለበት ማንኛውም ዕቃ፣ ቤት የተሠራ ምግብ። እትዬ እስከ መጨረሻው በጽሞና አዳመጡና «እሱ ለሚያቃጥሉት ነው» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ወደቡ ፎርት ላውደርዴል ያለው ፖርት ኤቨርግሌድስ ነው። ዘንባባና ነጭ አሸዋ ጠብቆ የሄደ ሰው ያዝናል። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ግዙፍ የነዳጅ ጋን ነው፤ ቀጥሎ ሌላ ጋን፤ ቀጥሎ የኮንቴይነር ክምር። የደቡብ ፍሎሪዳ መኪናና አውሮፕላን የሚጠጣው ነዳጅ በዚህ በር ነው የሚገባው። በጋኖቹ መካከል የመርከቧ ነጭ ግድግዳ ብቅ አለና ሰማዩን ጋረደው። ከ300 ሜትር በላይ ትረዝማለች። ጋሼ በዓይናቸው ለክተው «የእኔን ሦስቷን ደርድረህ ትርፍ አለው» አሉ።

መርከቧ ጎህ ሲቀድ ገብታ ያራገፈቻቸው የባለፈው ጉዞ መንገደኞች ገና እየወጡ ነበር። አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጧል፤ ከገለባ የተሠራ ባርኔጣ ደፍተዋል። እኛን ያዩበት ዓይን ከሠርግ ቤት የሚወጣ ሰው ገና የሚገባውን የሚያይበት ዓይን ነው። በእነሱ መውጣትና በእኛ መግባት መካከል ያለው ጊዜ የጥቂት ሰዓታት ጉዳይ ነው። በዚያች መካከል ሺህ አልጋ ይነጠፋል፣ የሁለት ሳምንት ሥጋና አትክልት በፎርክሊፍት ይጫናል፣ ነዳጅ ይሞላል። የመርከብ ሥራ ዋናው ውጊያ ባሕር ላይ ሳይሆን በዚህች ግማሽ ቀን ውስጥ ይመስለኛል።

ከመኪና እንደወረድን ጋሼ ሻንጣውን ትተው ወደ መርከቧ ጀርባ አንጋጠጡ። በትልቁ «ናሳው» ይላል። ናሳው የባሐማስ ዋና ከተማ ናት። የኩባንያው ሰፈር ሌላ፣ የካፒቴኑ አገር ሌላ፣ የተሳፋሪው አገር ሌላ፤ መዝገቧ ግን ባሐማስ ነው። ግብሩም ሕጉም ስለሚቀልላቸው ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ። ባለቤቴ ሳቀች። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ የእኛ የንግድ መርከቦችም ጀርባቸው ላይ «አዲስ አበባ» አስጽፈው እንደሚዞሩ አስታወሱን። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ እንኳን መርከብ ታንኳ የማይደርስባት ከተማ፣ ስሟ በሩቅ ምሥራቅ ወደብ ላይ ይነበባል።

«እነዚህ እንኳ ናሳው ሲደርሱ መልሕቅ ይጥላሉ» አሉ ጋሼ። «የእኛዎቹ የት ሊጥሉ ነው? መስቀል አደባባይ?»

ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። ደንቡ፣ ቤት ያተማችሁትን ወረቀት ሻንጣው እጀታ ላይ ታስራላችሁ፣ በር ላይ ለቆመው ተሸካሚ ታስረክባላችሁ፣ ማታ ክፍላችሁ ደጃፍ ላይ ታገኙታላችሁ። እትዬ ሻንጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ተሸካሚው ግዙፍ፣ ጨዋ፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነው፤ እሱም በአንድ እጁ ያዘ። «ለማላውቀው ሰው?» አሉኝ እትዬ በአማርኛ፣ እሱን ፈገግ ብለው እያዩ። ባለቤቴ ለተሸካሚው አሥር ዶላር ስትሰጥ ደግሞ ጥርጣሬያቸው ባሰ፤ ዕቃ ወስዶ ገንዘብ የሚጨመርለት ሰው አይተው አያውቁም።

የእኛ ሰው ስም የፈረንጅ ኮምፒውተር ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መዝጋቢዋ ወጣት ትሑት ልጅ ናት። የእኔንና የባለቤቴን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ገለጠች፣ የሸንገን ቪዛውን በጥፍሯ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገች፣ ወደ መብራት አንሥታ አየች፣ አለቃዋን ጠርታ አሳየች፣ አለቃዋም ፋቅ ፋቅ አደረገ። አለፍን። ከዚያ ወደ ስም መጣች። ጋሼ አሜሪካዊ ዜጋ ናቸው፤ የመጨረሻ ስማቸው የአባታቸው ስም ነው። የባለቤቴ ፓስፖርት ደግሞ የመጨረሻ ስም ብሎ የያዘው የአያቷን ነው። የእሷ አያት ማለት የጋሼ አባት ናቸው። ልጅቷ አራት ስም አየች፣ ሁለቱ ገጠሙላት፣ የቀሩት ሁለቱ ምንም አልገጠሙም። በቃ፣ ባለቤቴን ለጋሼ ዳረቻት። የአንዱን ክፍል ካርድ ለእነሱ ሰጥታ፣ የሌላውን ለእኔና ለእትዬ ዘረጋች፤ «መልካም የጫጉላ ጊዜ» ሊመጣ ሲል ባለቤቴ ጮኸች።

እትዬ ነገሩ ሲተረጎምላቸው አልደነገጡም። «ምን ቸገረኝ፣ ይኼኛው አያንኮራፋም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼን መርከቡ ሁሉ «ሚስተር» ብሎ በአባታቸው ስም ሲጠራቸው ሰነበተ። አባታቸው ከሞቱ አርባ ዓመት ያልፋቸዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ከወንዝ ሌላ ውሃ አላዩም። ጋሼ በተጠሩ ቁጥር አንድ ጊዜ ዞር ብለው ከኋላቸው ያያሉ።

ወደ መርከቧ የሚያስገባው ድልድይ የተሸፈነ ነው፤ በግራም በቀኝም ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ ከሕንፃ ወጥታችሁ ሕንፃ ገባችሁ እንጂ ውሃ ተሻገራችሁ አያሰኝም። ደፉ ላይ ጋሼ ቆሙ። ቀጥ አሉና፣ ሰንደቅ ዓላማ ወደሚሰቀልበት ወደ ጀርባዋ ዞረው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። የባሕር ኃይል ሰው መርከብ ሲረግጥ የሚያደርገው ይህንን ነው። በዚያ አቅጣጫ የነበረው ግን ሰንደቅ ዓላማ ሳይሆን የመጠጥ ፓኬጅ የምትሸጥ ልጅ ናት። እሷም ሰላምታውን በደስታ መለሰች። ፎቶ አንሺውም ያችን ቅጽበት አላሳለፋትም፤ ማታ ሥዕሉ ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ ለሽያጭ ቀርቦ አየነው። ዋጋው ጥሩ ምሳ ያበላል።

የመሳፈሪያ ቀን ምሥጢሩ ክፍሎቹ እስኪጸዱ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ማጣቱ ነው። የሚሄድበት ያጣ ሰው ደግሞ ይበላል። ከበላይ ፎቆች በአንዱ ያለው ቡፌ ገና በእኩለ ቀን ጢም ብሎ ነበር። በሩ ላይ አንድ ወጣት ጊታር ይዞ፣ እጃችሁን ታጠቡ እያለ በዘፈን ይለምናል፤ አጠገቡ ያለችው በየሰዉ መዳፍ ላይ ፈሳሽ ጠብ ታደርጋለች። ሺህ ሰው በአንድ ማንኪያ በሚጨልፍበት ቤት የሆድ በሽታ ከገባ በሁለት ቀን ሁሉንም ስለሚያዳርስ ነው ይህ ሁሉ ልመና። እትዬ ይህንን አያውቁም። ለእንግዳ እጅ ማስታጠብ ግን ያውቃሉ። ከደጅ ጀምሮ ሲያስታጥቧቸው ፊታቸው በራ፤ ልጅቷን እጇን ይዘው «ተባረኪ፣ ያሳደገችሽ እናት ትባረክ» ብለው መረቁ። ልጅቷ ምርቃቱን ሳይሆን ጥያቄ መስሏት መጸዳጃ ቤቱን ጠቆመቻቸው።

እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም። ስለዚህ ትሪ ሳይዙ፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቡፌውን እንደ ገበያ ዞሩት። የተጠበሰ ድንች፣ የተቀቀለ ድንች፣ የተፈጨ ድንች፣ በወተት የሰመጠ ድንች፣ ከነልጣጩ የተጋገረ ድንች። በየአንዳንዱ ፊት ቆመው «ቅቤ አለው?» ይሉኛል፤ እኔ አስተናጋጁን እጠይቃለሁ። አለው። የቀረው አንዱ ላይ እንኳ አይብ ተነስንሷል። «ድንች ምን በደላቸው?» አሉ። ኋላ ግን ኢንዶኔዥያዊው አስተናጋጅ ጉዳዩ ሲገባው ወደ ኩሽና ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሩዝና ጎመን፣ ያለ ቅቤ ያለ እንቁላል፣ በክዳን ሸፍኖ አመጣላቸው። እንዲህ ያለ ጠባይ በየትኛውም ብሮሹር ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍ የነበረበት እሱ ነበር።

ሠራተኛው ሁሉ ደረቱ ላይ ስሙንና አገሩን የያዘ ባጅ አለው። ፊሊፒንስ፣ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፔሩ፣ ሰርቢያ። ጋሼ ሥራዬ ብለው የየሰዉን ደረት እያነበቡ ዞሩ። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር የባሕረኞች ማሠልጠኛ እንዳለና ልጆቻችን በየዓለሙ የጭነት መርከብ ላይ መሐንዲስና ኤሌክትሪሺያን ሆነው እንደሚሠሩ ሰምተዋል። አንድ ቢገኝ ብለው ነው። አንዲት ሴት ግን ደረቷን ያን ያህል ጊዜ የሚያነብ ሽማግሌ አልተመቻትም መሰለኝ፣ ክንዷን አጣመረች። እትዬ ከሩቅ «አንተ ሰውዬ!» ሲሉ ፍለጋው አበቃ።

ያኔ ነው ጋሼ ወደ መረጃ መስጫው ጠረጴዛ ሄደው ባሕሩ በየት በኩል እንደሚታይ የጠየቁት። ልጁ ፈገግ ብሎ ካርታ ዘረጋ። ቲያትር ቤቱን አሳያቸው፣ የበረዶ መንሸራተቻውን አሳያቸው፣ ሁለቱን መዋኛዎች አሳያቸው። «ባሕሩን» አሉ ጋሼ ደግመው። ልጁ አሰበና ባሕር ለማየት በጣም የሚመቸው ጂም ነው አለ፤ የመሮጫ ማሽኖቹ በመስታወት ፊት ተደርድረዋል።

ወደ ክፍላችን ስንገባ መስኮት አገኘን። መስኮቱን የሞላው ግን ከውጭ የተንጠለጠለ የነፍስ አድን ጀልባ ሆድ ነው፤ ብርቱካናማ፣ ክብ፣ የማይንቀሳቀስ። ባለቤቴ ይህን ክፍል ለምን በርካሽ እንዳገኘችው ያኔ ለሁላችንም ተገለጠልን። ጋሼ ቅር አላላቸውም፤ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው የጀልባውን መንጠቆ፣ ገመዱንና ቀለሙን መረመሩ። 150 ሰው ይጭናል የሚል ጽሑፍ አገኙ። «መቶ ሃምሳ የጎንደር ሰው ወይስ መቶ ሃምሳ ቡፌ የበላ አሜሪካዊ?» አሉ፤ ጥያቄው ቀልድ አልነበረም።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱ በዚያ ቀን ባሕሩን ባሕር ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ነገር ነው። ድሮ ሰው ሁሉ የነፍስ አድን ሰደርያውን አጥልቆ፣ ጀልባው ሥር ተሰልፎ፣ ፀሐይ እየመታው ይቆም ነበር። አሁን ቪዲዮውን በስልካችሁ ታያላችሁ፣ የተመደበላችሁ ቦታ ሄዳችሁ ካርዳችሁን ታስነካላችሁ፣ በቃ። የእኛ ቦታ ቁማር ቤቱ ውስጥ ነው። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ይህን የጡሩንባ ምልክት ስትሰሙ ወደዚህ ትመጣላችሁ ተባልን። አንዱ ጎረምሳ ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቶ እያየ በሌላ እጁ የቁማር ማሽን ይጎትታል።

እዚህ ላይ ጋሼ ተቆጡ፤ እኔም እውነታቸውን ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ጣሊያን አገር ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ መትታ ስትጋደም 32 ሰው ሞቷል። የዚያን ዕለት ከቺቪታቬክያ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ ሕጉ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሁን ስለሚል ለማግስቱ ተይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም አቀፉ ደንብ ተቀይሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቧ ከመነሣቷ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣች እንዲሆን የተደረገው። ጋሼ ለአንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛ ሙሉ ፈተና ሰጧት። ጀልባውን የሚያዘው ማነው? ሞተሩ ቢሞትስ? መርከቧ ወደ አንድ ጎን ብትጋደም የዚያኛው ወገን ጀልባ እንዴት ይወርዳል? ልጅቷ አንዱንም ሳትስት፣ እጆቿን ወደኋላ አድርጋ መለሰች። ጋሼ ዝም አሉ፤ ከዚያ ለሰንደቅ ዓላማው አስበውት የነበረውን ሰላምታ ለእሷ ሰጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጡሩንባው ነፋ። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በጎድን ነው የሚገባው። እኛ ሦስታችን ጋሼን ተከትለን፣ በጂሙ ጀርባ አልፈን፣ «ንፋስ አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበትን ከባድ በር ገፍተን ወጣን። ሰዉ ሁሉ መዋኛው ዙሪያ ሙዚቃ እየሰማ ስለሆነ እዚያ ማንም አልነበረም።

ከወደቡ የሚያስወጣው ቦይ ጠባብና አጭር ነው። በስተግራ፣ ቦዩ አፍ ላይ፣ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። ነዋሪዎቹ መርከብ ባለፈ ቁጥር በረንዳ ወጥተው የመሸኘት ልማድ አላቸው፤ አንዱ ባንዲራ ያውለበልባል፣ አንዱ ደወል ይደውላል፣ አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል። እትዬ ይህን ሲያዩ ከቀኑ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባቸው ነገር አገኙ። የማያውቁት ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሸኛቸው፤ ዝም ማለት ነውር ነው። ነጠላቸውን አደግድገው፣ መዳፋቸውን አፋቸው ጎን አድርገው እልልታውን አቀለጡት። በረንዳዎቹ ለአፍታ ጸጥ አሉ። ከዚያ ደወሉ በእጥፍ ተደወለ። እትዬም በእጥፍ መለሱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና የወደቡን ካሜራ በኢንተርኔት የምትከታተል የባለቤቴ እኅት ወዲያው ደውላ «ነጭ የለበሰችው እትዬ ናት አይደል? ምን ሆነች?» አለች።

አፉን እንዳለፍን አንዲት ትንሽ ጀልባ እየጋለበች ተጠጋችን። መርከቧን ከወደብ መርቶ ያወጣው የአካባቢው ባሕረኛ፣ ፓይለት የሚሉት፣ ከጎኗ በተንጠለጠለ የገመድ መሰላል እየወረደ ነው፤ መርከቧም አልቆመች፣ ጀልባዋም አልቆመችም። ሰውዬው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ትንሽ ጠበቀ፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ሲያደርጋት ረገጣት፤ ተሻገረ። መዋኛው ጋ ያለው ሕዝብ ይህን አላየም። ጋሼ ለብቻቸው አጨበጨቡ።

ከዚያ የውሃው ቀለም ተቀየረ። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ሞቃት የባሕር ጅረት ከዚያ ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ስለሚያልፍ፣ አረንጓዴው አልቆ ጥቁር ሰማያዊው ሲጀምር ወሰኑ በዓይን ይለያል። ወለሉ ከእግሬ ሥር በቀስታ ዝቅ አለ፣ ተመልሶ መጣ። የበላሁት ድንችም አብሮ ዝቅ አለ፤ እሱ ግን ሲመለስ በሌላ መንገድ ነው። ባለቤቴ ክንዴን ያዘች፣ እትዬ የብረት መደገፊያውን ያዙ። ጋሼ ምንም አልያዙም። እግራቸውን ለየት አድርገው፣ ጉልበታቸውን ትንሽ አላልተው ቆመዋል፤ መርከቧ ስትዘነብል እሳቸው ቀጥ ይላሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደረጃ ሲወርዱ ምርኩዝ የሚፈልጉት ሰውዬ ናቸው።

«አገኘኸው?» አሉ እትዬ።

«አለ» አሉ ጋሼ።

ማታ ሻንጣዎቹ በየደጃፉ ሲደረደሩ የእትዬ አልመጣም። በምትኩ ወረቀት መጣ፤ ሦስት ፎቅ ወርዳችሁ ደኅንነት ክፍል ቅረቡ ይላል። ጋሼ ከላይ አልወረዱም፤ እትዬን እኔ ይዤ ወረድኩ። ክፍሉ የተያዙ ዕቃዎች መቆያ ነው። መደርደሪያው ላይ ካውያ በካውያ ላይ፣ የሻይ ማፍያ፣ ሽቶ ያለው ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የየባለቤቱ ቁጥር ተለጥፎበት ይጠብቃል። ከፊታችን የነበሩ ባልቴት ስለ ካውያቸው እየተከራከሩ ነበር፤ ተሸነፉ።

ኔፓላዊው መኮንን የእትዬን ሻንጣ ከፈተ። መጀመሪያ ያወጣው ጀበናዋን ነው። ከነጠላው ፈትቶ በሁለት እጁ ያዛት፣ አንገቷን አየ፣ በአንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ አየ፣ ነቀነቃት፣ አሸተታት። ጥቁር ሆዷ ላይ የዓመታት ቡና የጋገረው ቅርፊት አለ፤ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ኤክስሬዩ ላይ ምን መስላ እንደታየች እግዜር ይወቅ። «ቡና» አልኩት። እትዬ የማፍላት፣ የመቅዳት፣ የማቅረብ እንቅስቃሴ በእጃቸው አሳዩት፤ የመጨረሻው ላይ ሰውዬው ሳያስበው ጎንበስ ብሎ የሌለውን ሲኒ ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ጀበናዋ ነፃ ወጣች፤ ሸክላ ብቻ ናት። ሽሮውና በርበሬው ከሱቅ ከነማሸጊያቸው የተገዙ ስለሆኑ አለፉ። ዳቦ ቆሎው ቤት የተሠራ ነው ተብሎ ቀረ። ዕጣኑ ቀረ። ምድጃዋም ቀረች፤ ባርሴሎና ላይ እንድትመለስ ደረሰኝ ተጻፈላት። መኮንኑ መሬት ላይ እሳት ቢነሣ ሰው ወደ ውጭ ይሮጣል፣ እዚህ ግን ውጭ የሚባል ነገር የለም ብሎ በትሕትና አስረዳ።

እትዬ ደረሰኙን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። «ሽሮዬን ፈትተህ ምድጃዬን አሰርክ» አሉት በአማርኛ። «ለብቻው ምን ሊሠራልኝ ነው?» መኮንኑ ምስጋና መስሎት ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

ክፍል ስንመለስ አልጋው ላይ የነገውን ፕሮግራም የያዘ ወረቀት አገኘን። ግርጌው ላይ በደማቁ፣ ዛሬ ሌሊት ሰዓታችሁን በአንድ ሰዓት ወደፊት አድርጉ ይላል። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ በየሁለት በየሦስት ሌሊቱ አንዳንድ ሰዓት እየቆረሰ ነው ባርሴሎና የሚደርሰው፤ ሲደመር ስድስት ሰዓት ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ስልካችንን ስናስተካክል እትዬ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ይህን ሰዓት አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ነክተውት አያውቁም፤ እኅታቸውን ለመደወል እንዲመቻቸው በአዲስ አበባ፣ በእኛው አቆጣጠር ነው የሚሄደው። አዲስ አበባ በዚህ ወቅት ከፍሎሪዳ በሰባት ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ ስድስት ወደኋላ ነው፤ ሲቀናነስ አንድ ሰዓት ብቻ ይተርፋል። ያን አንዱን ሰዓት መርከቧ ዛሬ ሌሊት ልትጨምር ነው። የእትዬ ሰዓትና የካፒቴኑ ሰዓት አትላንቲክ መሐል ላይ ቁጥር ለቁጥር ይገጥማሉ።

ባለቤቴ የተስተካከለውን ስልኳን አጠገቡ አድርጋ አሳየቻቸው። እዚህም አሥራ አንድ፣ እዚያም አሥራ አንድ። እትዬ ለረጅም ጊዜ አላዩትም፤ አንዴ ገርመም አደረጉና ነጠላቸውን ማጠፍ ቀጠሉ።

«ስንት ዓመት ስነግራቸው» አሉ። «በይ ባልሽን ላኪውና ያንን ሰውዬ ከላይ ይጥራልኝ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፣ ሊነጋ ነው ይበለው።»